አቧራ ያሳወረው አውቶቡስ

ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል አልፎ ሰው ዓይኑን መግለጥ ሲችል፣ ኢንጂነር ሙሐመድአወል በአውቶቡሱ ግንባርና በባትሪ መሙያው ክፍል ግድግዳ መሃል ተጨፍልቆ ተገኘ። አውቶቡሱ ሾፌር አልነበረውም። መሪም አልነበረውም። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ መንገዱን ራሱ ያያል፤ ራሱ ይነሣል፤ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ ወሬው ገና ከግቢው ሳይወጣ ፍርዱ አለቀ። ብረቱ ሰው በላ ተባለ።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ክረምት፣ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ፣ አዲሱ አውቶቡስ በሚሞከርበት ግቢ ነው። ሐሙስ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዩ አቧራ እንደ ግንብ ቆሞ መጣና ካርቱምን ግማሽ ሰዓት ያህል አጨለማት።

የፖሊስ መኮንኗ ሙላዚም ዘሃራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትደርስ የካላክላ ሰፈር ሾፌሮች በሩን ዘግተውት ነበር። ሃፍላ የሚሏቸውን አሮጌ ሚኒባሶቻቸውን በመንገዱ ላይ ደርድረዋል። አንዱ የቤንዚን ጀሪካን ይዟል።

«ያ ጀናቡ፣ ብረቱን አውጡልን! እኛ እናቃጥለዋለን!»

«ሰውየውም ቢሆን የእጁን ነው ያገኘው! እንጀራችንን ሊቀማ አልነበር?»

ዘሃራ ዞር ብላም አላየቻቸው። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የጎንደር ሴት፤ ያደገችው እዚሁ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ነው። ስድብ በሁለት ቋንቋ ስትሰማ ኖራለች። ብዙ አትናገርም። ዝም ስትለው ሰው ዝምታውን ፈርቶ ራሱ እንደሚሞላው ከሥራዋ ተምራለች።

አለቃዋ ነቂብ ሙንዚር ግን ሥራውን ጨርሶ ነበር። አንድ ወጣት እጁን በካቴና አስሮ መሬት ላይ አስቀምጦታል።

«ሀበሻው ነው» አላት። «ሚኪያስ ይባላል። አውቶቡሱን በየጠዋቱ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አበላሽቶ ለቆታል። ኢቃማ የለውም፤ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረው ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ አዛን፣ ወደ ወህኒ፣ ከዚያ ወደ ድንበር። ውጭ ያሉት ስም ይፈልጋሉ፤ ስም አለኝ።»

«ስም አለዎት። ያደረገውን ግን ገና አላገኙትም።»

«ሰው ሞተ! ሌላ ምን አገኛለሁ?»

«እስከ መግሪብ ይስጡኝ።»

ሙንዚር ሰዓቱን አየ። «ውሰጂ። ግን አዛኑ ሲጀምር እሱ መኪናው ላይ ነው።»

ከጥላው ሥር አንዲት ሴት ብድግ አለች። በግቢው በር ሻይ የምትሸጠው ጸሐይወርቅ ናት፤ የሚኪያስ እናት።

«የኔ ልጅ፣ አማርኛ ትሰሚያለሽ አይደል?» አለች። «ልጄ ዝንብ አይገድልም። ወስደው ድንበር ላይ ከጣሉት ሌላ ሰው የለኝም።»

«ይቀመጡ እትዬ። በኋላ እመጣለሁ» አለቻት ዘሃራ።

መጀመሪያ አውቶቡሱን ዞረችው። ትንሽ ነጭ አውቶቡስ ነው። አሁን ቀይ ነው። አቧራው እንደ ዱቄት ተደፍቶበታል። ግንባሩ ላይና በማዕዘኖቹ ክብ ክብ መስታወቶች አሉ፤ ዓይኖቹ ናቸው፤ ሁሉም ተሸፍነዋል። ትልቁ የፊት መስታወትም ተሸፍኗል። በበሩ በኩል ብቻ፣ በቀኝ፣ የሻይ ትሪ የምታህል ቦታ ላይ አቧራው ስስ ነው። ዘሃራ ጣቷን አስጠግታ ሳትነካ ለካችው። ወፍራሙ አቧራ ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ጠርጎታል፤ ከጠረገው በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ስስ አቧራ ወርዷል። ስለዚህ ሃቡቡ ገና ሳያባራ ነው የተጠረገው።

ወደ ውስጥ ገባች። በግራ በኩል፣ ሾፌር ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ የሰው ቁመት ያለው የብረት ሣጥን ቆሟል፤ የአውቶቡሱ አእምሮ እዚያ ነው። በቀኝ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ ታጣፊ ወንበር አለ። ከወንበሩ ጎን ቀይ የማቆሚያ ቁልፍና አንዲት የተቆለፈች ትንሽ ሣጥን አሉ።

ሟቹ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ ከአንሶላ በታች ነበር። ስልኩ ካሜራው እንደተከፈተ ከእጁ አጠገብ ወድቋል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ፎቶዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአቧራ የተሸፈኑ የአውቶቡሱ ዓይኖች። የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው የተነሣው። ሰውየው በሃቡብ መሃል አፉን በሻሽ ጠምጥሞ ፊት ለፊት የቆመው ይህን ሊያነሣ ነበር።

ቦርሳው ውስጥ ለመንግሥት ያዘጋጀውን የመንገድ ዕቅድ አገኘች። በዚያው ቀን ሊፈረም የነበረ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ነገሮች ተጨምረውበታል። አቧራ በሚነሣበት ቀን ኤሌክትሪኩ አውቶቡስ ከግቢ አይወጣም፤ ሃፍላዎች ይተኩታል። በሌሎች ቀናት ሃፍላዎች ሰው ከየሰፈሩ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ያመጣሉ እንጂ መሃል ከተማ አይገቡም። ከመጪው ወር ጀምሮ አውቶቡሱ ውስጥ ጠባቂ ሰው አይኖርም።

ሦስቱን ደግማ አነበበች። እያንዳንዱ መሥመር አንድ ጠላት አለው።

መጀመሪያ የተጠየቀው የአውቶቡሱን ማሽን ያመጣው ማግዲ ነው። በካርቱም ሙቀት ከረባት አስሯል።

«ማሽኑ ንጹሕ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ሀበሻው በእጅ ላይ ትቶት ይሆናል።»

«በእጅ ማለት?»

«በግቢ ውስጥ ለማንቀሳቀስ ገመድ ያለው እጀታ አለ። ከውጭም ከውስጥም ይሰካል። እኔና ሚኪያስ ከውጭ ሰክተን በጎኑ እየሄድን ነው የምናንቀሳቅሰው። እጀታው የሚቀመጥባት ትንሿ ሣጥን ሦስት ቁልፎች አሏት። የእኔ፣ የሚኪያስ፣ የኢሳ።»

«የአንተ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ። እኔም ቢሮዬ። ብቻዬን።»

«ማሽኑ በአቧራ ምን ያደርጋል?»

ማግዲ ከረባቱን አላላ። «ይሠራል። የሙከራ ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ዘሃራ ዝም አለችው።

«ይሠራል አልኩሽ እኮ!»

ሁለተኛው ኦመር ነው፤ የካላክላ ሾፌሮች ሹም። ለፊርማው ተጠርቶ ገብቶ ሃቡቡ ግቢው ውስጥ ያዘው። ሠላሳ ዓመት ነድቷል። አንገቱ በፀሐይ ጠቁሯል።

«እኔ ገደልኩት በዪና ጨርሺው» አላት። «ማለዳ 'ይህን ዕቅድ ብትፈርም አንገትህን እሰብራለሁ' ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ የምለውን ፊት ለፊት ነው የምለው።»

«በሃቡቡ ጊዜ የት ነበርክ?»

«ግድግዳ ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ። ማን ያየኛል? እኔስ ማንን አያለሁ?»

«አውቶቡሱ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

ኦመር መሬት ላይ እንትፍ አለ። «ሬሳ ሆኜ እንኳ እንዳያሳፍሩኝ ተናዝዣለሁ።»

ሦስተኛው ኢሳ ነው። እሱም እንደ ዘሃራ የሁለት አገር ልጅ ነው፤ አማርኛው ግን ተሰባብሯል። ካላክላ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሃፍላ ነድቶ፣ ከሰባት ወር በፊት ጠባቂ ሆኖ እዚህ ተቀጠረ። ታጣፊው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ማሽኑ ቢሳሳት ቀዩን ቁልፍ መጫን ነው ሥራው። የድሮ ጓደኞቹ ከሃዲ ይሉታል።

«እኔ የዘበኛ ቤት ነበርኩ» አለ። «ሃቡብ ሲመጣ ገባሁ፣ ሲያልቅ ወጣሁ። ማሽን ነው። አልኳቸው፣ ሰው የሌለበት ማሽን ሰው ይገድላል። ማን ሰማኝ?»

«ኢንጂነሩ ጠባቂውን ሊያስቀር መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«እኔን? ወላሂ አልሰማሁም።»

ሚኪያስ የመጨረሻው ነበር። ካቴናው አንጓውን ልጦታል።

«ቁልፍህ የት ነበር?»

«ባትሪ መሙያው ክፍል፣ ምስማር ላይ። ሁሌም እዚያ ነው። ሁሉም ያውቃል።»

«በሃቡቡ ጊዜስ?»

«እዚያው ክፍል ውስጥ። ግድግዳው ሲመታ ሰማሁ። ንፋሱ መሰለኝ። ንፋሱ መሰለኝ፣ እቴ። ብወጣ ኖሮ…»

«ማለዳ ስታዘጋጀው ምን ምን ታደርጋለህ?»

«ባትሪውን አያለሁ። ጎማውን አያለሁ። ዓይኖቹን በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋለሁ።»

«የፊት መስታወቱንስ?»

ሚኪያስ ግራ ገባው። «እሱን ለምን? በእሱ አያይም እኮ። እሱን በሳምንት አንድ ጊዜ በቱቦ ነው የምናጥበው።»

ከዚያ ወደ ጸሐይወርቅ ሄደች።

«ዛሬ ኢንጂነሩ ሻይ ጠጥቷል?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከኢሳ ጋር። እሱ ጠጣ። ኢሳ አልነካውም። አራት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ብርጭቆውን ሙሉ ትቶ ተነሣ።»

«ምን ተባባሉ?»

«ዐረብኛዬ የሻይ ዐረብኛ ነው ልጄ። አንዱን ግን ሰምቻለሁ። 'ያለ ሰው ይሄዳል' አለው።»

ሙንዚር ከኋላ ሰምቶ ሳቀ። «የተከሳሹ እናት! ይህን ለዳኛ ልታቀርቢ ነው?»

«አይደለም» አለች ዘሃራ። «ለዳኛ አውቶቡሱን ነው የማቀርበው።»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ድንጋይ መጥቶ የባትሪ መሙያውን ቆርቆሮ መታ። ሌላ ተከተለው። ዘሃራ የአውቶቡሱን በር አስከፈተች።

«ሁላችሁም ግቡና ተቀመጡ። እዚህ ድንጋይ አያገኛችሁም።»

ማግዲ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ሚኪያስ ከነካቴናው መሃል ላይ። ኦመር ደፉን ሲረግጥ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይቅርታ ጠየቀና ገብቶ ቆመ። ኢሳ ታጣፊውን ወንበር በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘርግቶ ተቀመጠበት። ማንም አላዘዘውም። ነቂብ ሙንዚር በሩ ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ ማሽኑን እንጠይቅ» አለች ዘሃራ። «ማግዲ፣ ወደ በሩ እንዲሄድ እዘዘው።»

«አሁን? ግቢው ሰው ሞልቶ?»

«እዘዘው።»

ማግዲ ታብሌቱን ነካ። አውቶቡሱ በሴት ድምፅ በዐረብኛ ተናገረ፤ «መንገዱ አይታየኝም። ቆሜያለሁ።»

«ድገም።»

«መንገዱ አይታየኝም። ቆሜያለሁ።»

ኦመር በአፍንጫው ሳቀ። «ካርቱም አቧራ ላይ የሚተኛ አህያ ገዝታችኋል!»

«ስንት ጊዜ ቆመ ማግዲ? በወር ውስጥ?»

«አሥራ አንድ» አለ ማግዲ ወለሉን እያየ። «ሙሐመድአወል ደርሶበት ነበር። ፎቶ የሚያነሣው ለዚያ ነው።»

«ሪፖርቱ ላይ ዋሽተሃል። እሱን ሌላ ሰው ይጠይቅሃል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው፤ ዓይኑ ሲሸፈን ይህ አውቶቡስ በራሱ አንድ ስንዝር አይሄድም። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ ዓይኖቹ ተሸፍነዋል፤ ሟቹ ፎቶ አንሥቷል። አሁንም እንደተሸፈኑ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ አልገደለውም። በእጀታው ነው የተነዳው። ሰው ነድቶታል።»

ከውጭ የሾፌሮቹ ጩኸት ይሰማል።

«እጀታው ሚኪያስ ጋ ነው!» አለ ሙንዚር። «እንግዲህ አለቀ።»

«ቁልፉ ምስማር ላይ ነበር ጀናቡ፤ ሁሉም ይደርስበታል። ገዳዩ ግን አንድ ነገር አድርጓል። ሳይነዳ በፊት የፊት መስታወቱን ጠርጓል። ማግዲና ሚኪያስ ይህን አውቶቡስ የሚነዱት ውጭ ሆነው በጎኑ እየሄዱ ነው። በመስታወቱ አሻግረው አያዩም። ጨርቅ ቢይዙ የሚጠርጉት ዓይኖቹን ነው። ሚኪያስ መስታወቱን ለምን እንደምጠይቀው እንኳ አልገባውም። መስታወት የሚጠርግ ሰው ውስጥ ተቀምጦ፣ ወደ ፊት አይቶ ለመንዳት የለመደ ነው። ከአቧራ በኋላ የሃፍላ ሾፌር መጀመሪያ ምን ያደርጋል ኦመር?»

ኦመር ወጥመዱን አየ፤ ግን አልሸሸም። «ጨርቁን ያወጣል። የፊቱን ይጠርጋል። ሌላው የረዳቱ፣ የኩምሳሪው፣ ሥራ ነው።»

«ሾፌር ነው እንግዲህ!» ሙንዚር ካቴና አወጣ። «ኦመር፣ ተነሥ!»

«ቆሜያለሁ፤ ምን እነሣለሁ?»

«አንድ አፍታ» አለች ዘሃራ። «ኦመር፣ አሁን ይህን አውቶቡስ ንዳ ብልህ የት ትቀመጣለህ?»

ኦመር ሳያስብ ወደ ግራ ሄደ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ጉልበቱን ከብረት ሣጥኑ ጋር አጋጨ።

«ያ ሰላም! ይሄ ምንድን ነው? ሾፌሩ የት ነው የሚቀመጠው?»

ሚኪያስ ከነሐዘኑ ፈገግ አለ።

«ሠላሳ ዓመት በግራ ተቀምጧል» አለች ዘሃራ። «ቢጠርግ ግራውን ነበር የሚጠርገው። ከዚህ ሣጥን ፊት ያለው መስታወት ግን እንደ ግድግዳ ነው፤ እጅ አልነካውም። የተጠረገው ቀኙ ነው። ማግዲ፣ ከተቀመጥክበት ውጭ ምን ይታይሃል?»

«አቧራ።»

«ሚኪያስ?»

«አቧራ፣ እቴ።»

«ኢሳ?»

ኢሳ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የፀሐይ ብርሃን አርፏል፤ የሌሎቹ ፊት ጥላ ውስጥ ነው። ትሪ የምታህለው ስስ ቦታ ልክ በዓይኖቹ ትይዩ ነበረች።

«ግድግዳው» አለ።

ከግድግዳው ላይ ደሙ ገና አልታጠበም።

ሙንዚር ካቴናውን እንደያዘ ቀረ። «ቀኙን ሌላ ሰው መጥረግ አይችልም?»

«ይችላል። ግን ለምን ይጠርጋል? ከዚህ ወንበር በቀር ቀኙን የሚመለከት መቀመጫ የለም። በዚህ ወንበር ደግሞ ሰባት ወር የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ከአቧራ በኋላ የፊቱን ሲጠርግ ኖሯል። መቀመጫው ወደ ቀኝ ሲዞር ጨርቁም አብሮ ዞረ። እጁ ልማዱን ሠራ፤ እሱ አላስተዋለም።»

«ከሃዲ!» አለ ኦመር። «ድሮም ነግሬአችሁ ነበር።»

ኢሳን የሰበረው የዘሃራ ቃል አልነበረም። ይህ ነው።

«አንተ ዝም በል!» ብሎ ጮኸ። «ሃፍላዬን ሸጬ ነው የመጣሁት። እናንተ በሰፈር አላሳልፍ አላችሁኝ፤ ልጆቼን በመንገድ ሰደባችሁ። ወዴት ልመለስ? ሰባት ወር እዚህ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሻይ ይዞ ምን አለኝ? 'ኢሳ፣ በሰባት ወር ቀዩን ቁልፍ አንድ ቀን እንኳ አልተጫንከውም፤ ስለዚህ ሰው አያስፈልገውም' አለኝ። በደንብ በመሥራቴ አባረረኝ!»

«በአቧራ እንደሚቆም ታውቅ ነበር» አለች ዘሃራ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ማግዲም ያውቃል። ማግዲ ግን አይናገርም፤ ሪፖርቱ ላይ ዋሽቷል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ማሽኑ ገደለ ይላል አልኩ። ሰው የሌለበት አውቶቡስ ሰው ይገድላል ይላሉ። ያን ጊዜ ይህን ወንበር ማንም አይነቅለውም።»

ሚኪያስ ቀና ብሎ አየው። «እኔስ ኢሳ? ከአንድ ሳህን በልተናል። ቁልፌን ከምስማሩ አንሥተህ መለስከው?»

«በራሴ ቁልፍ ነው የከፈትኩት» አለ ኢሳ። «አንተ ላይ ይጥላሉ ብዬ አላሰብኩም። ሲጥሉም…» ፊቱን አዞረ። «ሀበሻ ይባረራል እንጂ አይሰቀልም አልኩ።»

«እናትህ ሀበሻ አይደለችም?» አለች ዘሃራ።

ኢሳ ከወንበሩ ተነሥቶ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

አዛኑ ሲጀምር መኪናው ላይ የወጣው ኢሳ ነው። በሩ ሲከፈት ሾፌሮቹ ስሙን ሰምተው ነበር። ድንጋይ የያዘው እጅ አልወረደም። ኦመር ከመኪናው ቀድሞ ወጥቶ ሃፍላዎቹን ወደ ጎን አስነሣ። ይህን ያደረገው አዝኖለት እንዳይመስል፣ መኪናው ሲያልፍ ጀርባውን ሰጠው።

ሙንዚር የሚኪያስን ካቴና ፈታ። ወዲያው ግን ክንዱን ያዘው።

«ግድያው ተፈታ። ኢቃማ ግን አሁንም የለውም። ይህ መኪና ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ይሄዳል።»

ጸሐይወርቅ ጮኸች። ዘሃራ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አይሄድም ጀናቡ። ግድግዳው ሲመታ የሰማ ሌላ ሰው የለኝም። ሰዓቱንም የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ያለ እሱ ክሱ ፍርድ ቤት አይቆምም። የሞተው የመንግሥት ኢንጂነር ነው። ክሱ ቢወድቅ ምስክሩን ድንበር ያሻገረው ማን ነው ተብለው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ሙንዚር የማይጻፍ ስድብ በዐረብኛ ተናገረና ክንዱን ለቀቀው።

«በአንቺ ኃላፊነት። ቢጠፋ አንቺ ትገቢበታለሽ። ያላ፣ ጻፊ።»

ዘሃራ በመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ወረቀት ዘርግታ ጻፈች። ምስክር ሚኪያስ። አድራሻ፣ ካላክላ። ፍርድ ቤቱ እስኪያሰናብተው ድረስ ከካርቱም እንዳይወጣ፤ ማንም የመንግሥት አካል እንዳያስወጣው። ከሥሩ ፈረመች፤ ሙንዚርም እያጉረመረመ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ሚኪያስ በተላጠ እጁ ወረቀቱን ተቀበለ። ዐረብኛውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እናቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥላ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ትለዋለች።

«ስሜን ይላል» አላት።

ዘጠኝ ዓመት በዚህች ከተማ ውስጥ ኖሯል። ስሙ ከማኅተም ጋር አንድ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። አጣጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ እንደገና አወጣው፤ እንዳይታጠፍ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ካላክላ በእግሩ ሄደ። ከሃፍላዎቹ አንዱም አላሳፈረውም።